ኦሜፕራዞል እሳቱን ያበርዳል፤ ግድግዳውን ግን አይለስንም

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። የበና፣ የፀማይና የሐመር ሰው ቅቤውን፣ ማሩን፣ ፍየሉን ይዞ ይመጣል። ገበያው ሲበተን መድኃኒት ቤት ጎራ የሚልም አይጠፋም። «ለጨጓራ የሚሆን ስጠኝ» ይላል፣ ኦሜፕራዞል ይሰጠዋል። በቃ። ጂንካም አዲስ አበባም ብትሄዱ ግብይቱ ያው ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን የጨጓራን ቁስል የሚሸፍን መድኃኒት የገዛን ይመስለናል።

አይሸፍንም። ጨጓራ ከራሱ አሲድ የሚጠበቀው ራሱ በሚያመርተው ዝልግልግ ሽፋን ነው። ኦሜፕራዞል ሥራው ከሽፋኑ ጋር አይደለም፤ አሲድ የሚረጩትን ሴሎች ፓምፕ ይዘጋል። አሲዱ ሲቀንስ ሽፋኑን የሚበላው ፔፕሲንም ይዳከማል፣ ቁስሉ ፋታ አግኝቶ ይድናል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐኪም ያዘዘላችሁም በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ግን ሽፋኑን ያሳሳው ነገር እዚያው ካለ ፋታው ፋታ ብቻ ነው።

ማነው የሚያሳሳው? አንዱ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ከእኛ ሰው ግማሽ ያህሉ ይዞታል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ይህን ለማሳየት እ.አ.አ በ1984 ባክቴሪያውን ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ባክቴሪያው ያለ አንቲባዮቲክ አይጠፋም። ኦሜፕራዞል ለብቻው ሲወሰድ ደግሞ ምርመራውን ሊያሳስት ስለሚችል ከምርመራ በፊት ለሁለት ሳምንት እንዲቆም ይመከራል። ሌሎቹ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ናቸው፤ ሽፋኑ እንዲመረት የሚያዘውን ፕሮስታግላንዲን ይቀንሳሉ። ጠዋት ለወገብ ዳይክሎፌናክ፣ ማታ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ ሁለቱም ከአንድ መደርደሪያ! (ተልባም ቢሆን ያለሰልስ ይሆናል እንጂ የጨጓራን ሽፋን አይተካም።)

ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው የሚገርመው ቀጣዩ ነው። አሲድ ሲጠፋ ሰውነት ጋስትሪን የተባለውን ሆርሞን ይጨምራል፤ ፋብሪካ ተዘግቶ ትዕዛዝ እንደሚከማች ማለት ነው። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም አሲዱ ከበፊቱ በልጦ ይመጣል። እ.አ.አ በ2009 በወጣ የዴንማርክ ጥናት ጨጓራቸውን ጭራሽ የማያማቸው ሰዎች የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ለ8 ሳምንት ተሰጣቸው። ካቆሙ በኋላ 44 በመቶው ቃርና መሰል ስሜት ነበራቸው፤ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ግን 15 በመቶው ብቻ። ያን ጊዜ «ጨጓራዬ ተነሳ» ብለን ሌላ ስትሪፕ እንገዛለን። ራሱ ፍላጎቱን የሚፈጥር ሸቀጥ!

ገዢውን ሞኝ ማለት አልችልም። ከገጠር ለመጣ ሰው ምርመራ ማለት ክፍያው ብቻ ሳይሆን የመኪና ሒሳብና የባከነ ቀን ነው፤ ጂንካ ሆስፒታል ሂድ ከተባለ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ርካሹን መረጠ፣ አለቀ። ባለመድኃኒት ቤቱ ግን ሁለት ጥያቄ አይከብደውም፦ ይሄን ስትወስድ ስንት ጊዜህ ነው? የሕመም ማስታገሻስ ትውጣለህ? ሰገራው ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰው ወይ ያለምክንያት ከከሳ ደግሞ ስትሪፕ አይሸጥለት፤ ዛሬውኑ መኪና ይሳፈር።