ፍሬ ቢስ ከማለት በፊት

በአገራችን «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው፣ ቢቸኩልም እንኳ፣ ቆሞ ይሰማል። ታዲያ ዳኛ የተባለ ሰው ጠበቃ የሌለውን ድኻ ሳይሰማ «ክስህ ፍሬ ቢስ ነው» ብሎ ቢመልሰው ፍትሕ ይባላልን?

በአሜሪካ፣ በኢንዲያና የታሰረ አንድ ሰው፣ የወህኒ ቤቱ ሹማምንት ለአንጎል ዕጢዬ ሕክምና ነፈጉኝ ሲል ራሱ ክስ መሠረተ። የመጀመሪያው ዳኛ ተከሳሾቹን ሳይጠራ ክሱን ፍሬ ቢስ ብሎ ዘጋው። እስረኛው ግን ይግባኝ አለ፤ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1989 እ.ኤ.አ. ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ቃል ፈረዱ፤ ፍርዱን የጻፉት ቱርጉድ ማርሻል ነበሩ። ፍሬ ቢስ የሚባለው አንዳች የሚያከራክር መሠረት የሌለው ክስ ነው እንጂ፣ በክርክር የሚረታ ሁሉ አይደለም አሉ። የዳኝነት ገንዘብ የሚከፍል ከሳሽ ጉድለቱ ተነግሮት ክሱን ሲያርም፣ ይህ ዕድል ድኻውን ሊቀርበት አይገባምና።

«ዳኞች በከንቱ ክስ ተጨናንቀዋል» የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግም የዳኞችን ሥልጣን አሰፋ፤ ክሱ ሦስት ጊዜ እንዲህ የተዘጋበት እስረኛ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ካላሠጋው በቀር፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ሳይከፍል ሌላ ክስ እንዳያቀርብ ከለከለ። እንግዲህ አንዲት ቃል የነገንም በር ትዘጋለች ማለት ነው።

ስለዚህ ዳኛው አስቀድሞ ጉድለቱን ይንገረው፤ ሳያርም ከቀረ ያን ጊዜ ይዝጋው። ከሳሹም የይግባኝ ቀን ሳያልፍበት ይነሣ። ሕግ የምንማር ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ እኛም ብዕራችንን እናውሰው!