ጉዞውን በከፍታ እንለካው

ለአንድ ቀን የተራራ ጉዞ የሚዘጋጁ ተማሪዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብለው ነው። በእኛ አስተያየት ግን ቀዳሚው ጥያቄ «ስንት ሜትር ሽቅብ ያስወጣል?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘውን፣ ጽድና ዝግባ የለበሰውን የመናገሻ ሱባን ደን እንውሰድ። ደኑ ያረፈበት የወጨጫ ተራራ ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር በግርድፉ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር አቀበቱ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይመድባል። ስለዚህ ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 900 ሜትር የሆነ መንገድ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ያውም ያለ ዕረፍትና ያለ ምሳ። ቀመሩ የጠንካራ እግረኛ ነው። በወጨጫ ጫፍ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ እኛ ስድስት ሰዓት እንይዛለን።

ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ላብ ያራሰው ሸሚዝ ከላይ ያንቀጠቅጣልና ሹራብ ይያዝ። (ጂንሱ ለፎቶግራፍ ይቆይ፤ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም።)

አጥብቀን የምንከራከረው ግን ስለ መመለሻው ሰዓት ነው። በአገራችን ፀሐይ ወደ አድማስ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ከዛፍ ሥር ደግሞ ይብሳል። ጫፉ ከታየ በኋላ «እንመለስ» ለማለት የሚደፍር ስለማይገኝ ሰዓቱ ገና ከተማ ሳሉ ይወሰን። ጠዋት ሁለት ሰዓት መውጣት የጀመረ ቡድን፣ ጫፉ ቢደረስም ባይደረስም፣ ስድስት ሰዓት ላይ ፊቱን ያዙር። ከዚያ እስከ ምሽት የሚተርፈው ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ጓደኛ ደግፎ ለማውረጃ ነው።