ለዘፋኙ ጃንጥላ፣ ለመብራቱ ፌስታል!

“ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለውን ተረት የማያውቅ አበሻ የለም። በሥራ ላይ ሲፈለግ ግን ድራሹ ይጠፋል። የመድረክ መብራት ሠራተኛ ነኝና የምናገረው ስለማውቀው ነው።

የሜዳ ዝግጅታችን መቼ መቼ እንደሚውል ልብ በሉ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ኮንሰርት ጳጉሜ ላይ ነው። ደመራ መስከረም 16። ክረምቱ ገና ጓዙን አልጠቀለለም። ዝናብ ይመጣል ለማለት ጠንቋይ መሆን አያሻም። ታዲያ አዘጋጆቻችን ሰማዩ ሲጠቁር እንደ አዲስ የሚደነግጡት ለምንድነው? “ቶሎ በሉ፣ ፌስታል አምጡ!”

ፌስታሉ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሙቪንግ ሄድ የሚባለው መብራት የሚተነፍሰው በማራገቢያው ነው። አፍኖ ማብራት በገዛ ሙቀቱ መቀቀል ነው። ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውስጡ ያልበዋል፤ ላቡም ሰርኪዩቱን ይበላዋል። ዝግጅቱ ሲያልቅ እንደረጠበ ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበትና በሚቀጥለው ሳምንት “ዕቃው አይረባም” ይባላል። ማን ነው የማይረባው?

ዕቃው ላይ እኮ ተጽፏል! “አይፒ 20” የሚለው ለቤት ውስጥ ነው፤ ከውሃ ምንም መከላከያ የለውም። “አይፒ 65” የሚለው አቧራ አያስገባም፣ ከየአቅጣጫው በሚረጭ ውሃም አይበገርም። የሚከራዩት ግን ርካሹን ነው። ይሁን፣ አቅም ነው። ርካሹን የተከራየ እንግዲህ ጣሪያ ይሥራለት፤ ሲጠፋ ከላይ ሸራ ያልብሰው፣ ከታች አየር ይተውለት፤ ሳይደርቅና አቧራው ሳይጠረግ አይቆልፈው። ይኼ ስንት ብር ይፈጃል?

ዕቃውስ በዶላርም ቢሆን ይተካል። ሰውስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዝግጅት ላይ ጄኔሬተሩም የመብራቱ ማማም ግራውንድ እንዳልተደረጉ ተናገርኩ። “አንተ ደግሞ ማሟረት ትወዳለህ” ተባልኩ። ማታ ካፊያ ጣለ። የማማውን ብረት የነካ ረዳት ልጅ ተስፈንጥሮ ወደቀ። እግዜር አተረፈው። በማግስቱ አዘጋጁ የጠየቀኝ ስንት መብራት እንደተቃጠለ ነው። ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ለትኬቱ ሰው ይመደባል፣ ለበሩ ፍተሻ ሰው ይመደባል፣ ለስፖንሰሩ ባነር ሰው ይመደባል። እኔ በሠራሁባቸው የሜዳ መድረኮች ግን ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት “እስቲ ኤሌክትሪኩን ልየው” ያለ የፈቃድ ሰጪ ሹም አላጋጠመኝም። ፈቃድ ማለት ማኅተም መምታት ብቻ ነው እንዴ?

የምጠይቀው ሰማይ ጠቀስ ነገር አይደለም። ጄኔሬተሩና ብረቱ ግራውንድ ይደረጉ። ኤሌክትሪክ ሲሾልክ በቅጽበት የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊአምፔር መከላከያ ይገጠም። የገመድ መጋጠሚያ ጭቃ ላይ አይተኛ። ነፋስና መብረቅ ሲመጣ ማማ ላይ ያለ ሰው ይውረድ፤ “ዘፋኙ ሊገባ ነው” ተብሎ አይለመን። ይኼ ሳይሟላ ፈቃድ አይሰጥ።

ኧረ ጎበዝ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን። መብራት ሲጠፋ ሕዝቡ ያፏጫል። ሰው ሲጠፋስ?