የኪራይ ቤትን ከሌባ ስለ መጠበቅ

ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይሄዳል። ሠራተኛ ሲቀጥር ዋስ ይጠይቃል፤ በዱቤ ሲሸጥም የገዢውን ጠባይና አድራሻ አስቀድሞ ይመረምራል። ይኸው ጥንቁቅ ሰው ግን በንግዱ ትርፍ ያፈራውን መኖሪያ ቤት በሚያከራይበት ጊዜ ጥንቃቄውን ሁሉ ረስቶ፥ ደላላ ላመጣለት ሰው ስሙን እንኳ በቅጡ ሳይጠይቅ ቁልፉን አስረክቦት ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል ስላልሆነ፥ ክቡራን አንባቢዎች ሐሳቤን በትዕግሥት እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ።

ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ በአዲስ አበባ በመንግሥት የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ለብዙ ሺሕ ቤተ ሰብ መጠለያ ሆነዋል። ነገር ግን በጀሞም ሆነ በሰሚት፥ በየካ አባዶም ሆነ በቱሉ ዲምቱ፥ ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ቤታቸውን አከራይተው በሌላ ስፍራ ስለሚኖሩ፥ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። በቀድሞው ሰፈር እንግዳ ሰው ሲያልፍ «ማንን ፈለግህ?» የሚል ሽማግሌ ወይም በደጃፏ ቡና የምትቈላ እናት አይጠፋም ነበር። በሕንፃው ደረጃ ላይ ግን ጠያቂ የለም። ሌባው ቴሌቪዥን በትከሻው ተሸክሞ ቢወርድ እንኳ፥ ቤት የሚለቅ ተከራይ ይመስላል።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ ጥፋቱ በእኔም እጅ ተፈጽሟል። እኔ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ስሆን፥ ከመዝገብ ሥራዬ ጋር የአሠሪዬን የኪራይ ቤቶች ጉዳይም እከታተላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተከራይ ቤት ሲለቅ ቁልፉን መለሰልኝ። እኔም የበሩን ቁልፍ ሳላስለውጥ ያንኑ ለአዲሲቱ ተከራይ ሰጠኋት። እርሷም ልብስ እየነገደች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ በጠራራ ፀሐይ፥ ለሸቀጥ መግዣ ያስቀመጠችው ገንዘብ ተሰረቀ።

በሩ አለመሰበሩን ያየ ሁሉ ጣቱን በሕንፃው ዘበኛ ላይ ቀሰረ፤ ከቀሳሪዎቹም አንዱ እኔ ነበርሁ። ያ ዕድሜው የገፋ ሰው አንዳች ማስረጃ ሳይቀርብበት ከሥራው ተሰናበተ። በኋላ ፖሊስ ሲመረምር፥ ሌባው በቀድሞው ተከራይ ዘንድ ያድር የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ የገባውም አስቀድሞ ባስቀረጸው ቁልፍ ነበር። የሴትዮዋ ገንዘብ አልተመለሰም። ዘበኛውንም ይቅርታ ልጠይቀው ባፈላልገው፥ ወደ አገሩ መግባቱን ሰማሁ። የአንድ ቁልፍ ዋጋ ስለ ቈጠብሁ ሁለት ድኾች ተጐዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ ቁልፉን ያስለወጥሁት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ አከራይ ሊያደርገው የሚገባው ምንድን ነው? መጀመሪያ፥ ተከራይ በለቀቀ ቍጥር የበሩን ቁልፍ ይለውጥ። ሁለተኛ፥ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ። የመኖሪያ ቤት ኪራይን ለመቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ ያዝዛል። በውሉም ላይ ከፈራሚው በቀር በቤቱ የሚኖሩት እነማን እንደ ሆኑ ቢገለጽ፥ የኋላ ኋላ ንጹሕ ሰው ከመጠርጠር ይድናል። ይኸው አዋጅ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ማዘዙም መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ገንዘቡ በባንክ ስለ ገባ ባለቤቱ ዓመት ሙሉ የቤቱን ደጃፍ ሳይረግጥ ይቀር ዘንድ ምክንያት ሊሆነው አይገባም።

ሦስተኛ፥ አዋጅ ቍጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች በማኅበር ሆነው የጋራ ንብረታቸውን እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። በተግባር ግን ባለቤቱ መዋጮውን ተከራዩ ይክፈል ይላል፤ ተከራዩም ባለቤቱ ይክፈል ይላል። በመካከሉ የዘበኛው ደመወዝ ይዘገያል፥ የተቃጠለው የደረጃ አምፑልም ሳይለወጥ ይከርማል። ስለዚህ መዋጮው የማን ዕዳ እንደ ሆነ በውሉ ይጻፍ፤ ተከራዮችም ወደ ስብሰባው ተጠርተው ይደመጡ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና፥ ሌባን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው በዚያው የሚኖረው ሰው ነው።

አራተኛው ቃሌ ለባለ ሱቆች ነው። የተሰረቀ ዕቃ ገዢ ባያገኝ ኖሮ ማን ይሰርቀው ነበር? የውሃ ቈጣሪ፥ የጋዝ ሲሊንደር፥ የእጅ ስልክ ያለ ደረሰኝ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብላችሁ፥ ምናልባት የጎረቤታችሁ ዕንባ እንዳለበት አስቡ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ዕቃው በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የሚገዛውን ሰው ይቀጣል። በአንጻሩ በሕንፃው ምድር ቤት ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ከማለዳ እስከ ምሽት ወጪ ገቢውን ስለሚመለከት፥ ከዘበኛ የማያንስ ጠባቂ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዶች «ይህ የፖሊስ ሥራ ነው» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሌባን መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው። በር ከፍቶ ሌባን አለመጥራት ግን የባለቤቱ ሥራ ነው። ይህን ስል ተከራይን ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን እንድንመለከት መምከሬ አይደለም፤ እኔ ራሴ በኪራይ ቤት የምኖር ሰው ነኝና፥ ተዘርፎ የሚያለቅሰው ብዙውን ጊዜ ተከራዩ መሆኑን አውቃለሁ። ለዱቤ መዝገባችን የምናደርገውን ጥንቃቄ እኩሌታ እንኳ ለቤታችንና በውስጡ ለሚኖሩት ሰዎች ብናደርግ፥ ንብረታችን ይጠበቃል፥ የንጹሑም ሰው ስም አይጐድፍም።