የዋግ ሽማግሌዎች ፊት የማን ነው?

በየጊዜው በሚከፈቱት የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽኖች፣ በየመሥሪያ ቤቱ የቀን መቁጠሪያዎችና በእንግዳ መቀበያ ክፍሎች ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል እየበዛ መሄዱን አንባቢዎቻችን ሳያስተውሉት አይቀሩም። ይኸውም የደጋ ሽማግሌ ወይም የባልቴት ፊት ነው። ፊቱ መላውን ወረቀት ይሞላል፤ የግንባሩ መሥመር እንደ ታረሰ መሬት ይታያል፤ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ይመስላል፤ ከበታቹም «ዘመን» ወይም «ትዕግሥት» ወይም «የዋግ እናት» የሚል ቃል ተጽፏል። የባለፊቱ ስም ግን የለም። የፎቶግራፍ አንሺው ስም አለ።

እኛ ይህን ልማድ እንቃወማለን። የምንቃወመውም ፎቶግራፍ ጠልተን አይደለም፤ የሽማግሌ ፊት ለሥነ ጥበብ አይሆንም ብለንም አይደለም። እንዲያውም ለካሜራ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም ከሚሉት ወገን ነን። የምንቃወመው «ስሜትን የሚናገር ፊት» እየተባለ ከአረጋውያን የሚወሰደውንና ተመልሶ የማይሰጣቸውን ነገር ነው። ስለ ሰቆጣና ስለ ዋግ ኽምራ ደጋ የምንናገረውም ነገሩን እዚያ በዓይናችን ስላየነው፣ ከዚያም አልፎ በገዛ እጃችን ስላደረግነው ነው።

ካሜራ ወደ ዋግ ብዙ ጊዜ የመጣው በክፉ ቀን ነው። የዋግ ሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ጠላትን ሲዋጉ በ1930 ዓ. ም. መጀመሪያ በወደቁ ጊዜ ፋሺስቶች ራሳቸውን ቆርጠው ፎቶግራፍ አነሡት። በጥቅምት 1977 ዓ. ም. ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስደነገጠ። ኮረም የሰቆጣ ሰው ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣበት በር ስለ ሆነ በዚያ ሜዳ ከወደቁት መካከል የዋግ ሰዎች ጥቂቶች አልነበሩም። ስለዚያ ፊልም ክፉ አንናገርም፤ እህል አምጥቷል፤ ነፍስም አድኗል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የዋግ ፊት ማለት የረኃብ ፊት ማለት ሆኖ ቀረ። የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማጥፋት በሐምሌ 2007 ዓ. ም. የታወጀው ዕቅድ እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ዓላማው መልካም ነው፤ ከተማይቱ ግን ስሟን ለችግር አዋሰች። በ2014 ዓ. ም. ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች በሰቆጣ ሲጠለሉ ካሜራው እንደ ገና ተመለሰ።

ከዚህ የተነሣ ከአዲስ አበባ የሚሄደው ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ሰቆጣ ከመድረሱ በፊት ፊቱን በሐሳቡ ሠርቶ ጨርሶታል። የሚቀረው ያን የሚመስል ሰው መፈለግ ብቻ ነው። ያ አገር በ1860 ዓ. ም. ዋግ ሹም ጎበዜን አፄ ተክለ ጊዮርጊስ አሰኝቶ ለንጉሠ ነገሥትነት ያበቃ አገር መሆኑን፣ እነዚያ ሽማግሌዎች የደም ዕርቅ የሚያወርዱ ዳኞች፣ ንብ አርቢዎች፣ ድንጋይ ጠራቢዎች መሆናቸውን አይጠይቅም። ቢጠይቅም በሥዕሉ ላይ የሚታይ አይመስለውም።

አሁን ሽማግሌው ፎቶግራፍ ሊነሡ ነው ሲባሉ የሚያደርጉትን እንመልከት። ከተቀመጡበት ይነሣሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ይለብሳሉ፤ በትራቸውን ይተክላሉ፤ አንገታቸውን አቅንተው ሁለት ዓይናቸውን ወደ ፊት አድርገው ይቆማሉ። አይሥቁም። ፎቶግራፍ አንሺያችን ይህን ሲያይ «ደረቁብኝ» ይላል። እስኪደክማቸው ይጠብቃል፤ ወይም ወደ ጎን እንዲመለከቱ ይነግራቸዋል፤ ወይም ምድጃ አጠገብ አስቀምጦ ጭሱ ዓይናቸውን ሲያስለቅሰው ያነሣቸዋል። ይህንንም «እውነተኛው ስሜት» ይለዋል።

ቀጥ ብሎ መቆም ስሜት አይደለም ያለው ማን ነው? በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ከሐድያንና አጋንንት ግን ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሽማግሌው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በየበዓሉ ሲያዩ የኖሩት ይህን ነው። እንግዲህ በካሜራ ፊት ሁለት ዓይናቸውን አቅንተው ሲቆሙ የሥዕልን ሕግ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ አውቀውት ነው። ሕጉን ያላወቀው «እስቲ ወደዚያ ይዙሩ፣ አባባ» የሚለው ነው። ክብርን ለማሳየት የተዘጋጀ ፊት ከድካምና ከጭስ ያነሰ እውነት አለው ብሎ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ የሚደረገውም ከዚህ አይሻልም። ሰፊውን ሌንስ ወደ ፊታቸው አስጠግቶ ሲያነሣ አፍንጫ ይተልቃል፤ ጆሮ ይሸሻል። ከዚያም በኮምፒዩተር ቀለሙን አውጥቶ ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል፤ ቀዩን ብርሃን ቀንሶ ሰማያዊውን ሲያጎላ የቆዳው እጥፋትና ጠባሳ ሁሉ ይጠቁራል። የሰባ ዓመቱ ሰው የመቶ ዓመት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ከቆየ በኋላ «እኔ ያየሁትን ብቻ አነሣሁ» የሚል ሰው አጋጥሞን ያውቃል።

የራሳችንን በደል ካልተናገርን ግን በሌላው ላይ መፍረድ አይገባንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ በሚሆን መንደር ጥጥ ሲፈትሉ ወደ አገኘናቸው አንዲት ባልቴት ዘንድ ሄድን። ፎቶግራፍ እንድናነሣዎ ይፍቀዱልን ስንላቸው ወደ ቤት ገብተው የበዓል ነጠላቸውን ለብሰው፣ ማተባቸውን አውጥተው መጡ፤ ደጃፉም ላይ ቆሙ። እኛም ብርሃኑን ለመለካት ብለን አንድ ጊዜ አነሣናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ፊታቸው ጎልቶ እንዲታይ ነጠላውን ወደ ራሳቸው ስበው እንዲከናነቡት፣ ጥለቱም በጉንጫቸው ዙሪያ እንዲሆን ለመንናቸው። ጥቂት ካመነቱ በኋላ «እናንተ ካላችሁ» ብለው እንዳልነው አደረጉ። የተወደሰልን ሥዕል ያ ነው፤ በአዲስ አበባ በአንድ አዳራሽ ተሰቀለ፤ ርእሱንም «ጽናት» አልነው።

በሁለተኛው ዓመት ወደዚያው ስንመለስ ሴትዮዋ ዐርፈዋል። ልጃቸው ለተዝካሩ የሚቆም የእናቷ ፎቶግራፍ እንደሌላት ነግራን የእኛን ለመነችን፤ እኛም በኩራት አውጥተን ሰጠናት። ወረቀቱን ይዛ ብዙ ዝም አለች። «እናቴ ማን ሞቶባት ነው?» አለችን። ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ ፊትን ከከበበ የኀዘንተኛ ልብስ መሆኑን እኛም እናውቅ ነበር፤ ከተማ ያደገው ዓይናችን ግን ያየው የሚያምር ክፈፍ ብቻ ነው። «በተዝካሯ ላይ ኀዘንተኛ አድርጌ አላቆማትም» ብላ መለሰችልን። ብርሃን ለመለካት ያነሣናትን ያችን የመጀመሪያይቱን፣ ለጥራጊ የቈጠርናትን፣ ፈልገን አሳትመን ላክንላት። ቀጥ ብለው የቆሙባትን ማለት ነው።

ተቃዋሚዎቻችን ሦስት ነገር ይሉናል።

የመጀመሪያው «ፈቅደው ነው፤ ገንዘብም ተቀብለዋል» የሚል ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኽምጣንጋ የሆኑትን አዛውንት ድምፅን ከፍ አድርጎ በአማርኛ ጠይቆ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ፈቀዱ ማለት ፈቃድ አይባልም። ሥዕሉ የት እንደሚሰቀል፣ ስንት ሰው እንደሚያየው፣ ይሸጥ እንደሆነ በቋንቋቸው የሚያስረዳ ሰው ይዞ የሚሄድ ስንት ነው? እንግዳን እምቢ ማለት ነውር በሆነበት አገር ደግሞ ዝምታን እንደ ውል መቁጠር በደግነታቸው መነገድ ነው።

ሁለተኛው «ሕግ አይከለክልም» የሚል ነው። ይከለክላል። በ1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው አንቀጽ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይደነግጋል። በ28ኛው አንቀጽ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም የተሰጠ ልዩነት አለ፤ ቀን መቁጠሪያ የሚያሳትሙት መሥሪያ ቤቶች የሚጠለሉትም በእርሱ ጥላ ሥር ነው። ይሁን እንጂ ስም የሌለው፣ መንደር የሌለው፣ ሥራው ያልተነገረ ፊት ምን ባህል ያስተምራል? ተማሪው ከእርሱ የሚማረው ደገኛ ሽማግሌ ሁልጊዜ ያዘነ መሆኑን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ብርቱ ስለ ሆነ አናቃልለውም። «ታላቅ ሥዕል ከአንድ ሰው ስም ይበልጣል፤ የሁሉ ይሆናል» ይላሉ። ምሳሌም ያመጣሉ፤ አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 በካሊፎርኒያ ከአተር ለቃሚዎች ሰፈር ያነሣቻትን እናት። እውነት ነው፤ ያ ሥዕል የዓለም ሆኗል። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይንገሩን። የዚያች ሴት ስም ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምሰን መሆኑ የታወቀው በ1978፣ ከ42 ዓመት በኋላ ነው፤ ፊቷ በመላው ዓለም ሲዞር እርሷ ግን ከዚያ ሥዕል አንዲት ሳንቲም እንዳላገኘች ተናግራ፣ ባልተነሣሁ ኖሮ ብላለች። ሥዕሉ የሁሉ ሆነ፤ የእርሷ ብቻ ሳይሆን ቀረ።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ፎቶግራፍ አንሺው መጀመሪያ ሰውዬው ራሳቸው በመረጡት ልብስና አቋቋም ያንሣቸው፤ ከዚያ በኋላ ቢፈቅዱለት የራሱን ይሞክር። በደጃፍ ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ጋቢ ብርሃን እንዲመልስ ከፊት ለፊት ተዘርግቶ፣ ሰውዬው ስለሚያውቁት ነገር፣ ስለ ማሩ ወይም ስለ ሽምግልናው እየተጫወቱ የሚነሣ ፊት ምን ያህል እንደሚናገር የሞከረው ያውቀዋል። የታተመ ወረቀት ለባለቤቱ ይድረስ። በኤግዚቢሽንና በቀን መቁጠሪያ ላይም፣ ባለፊቱ ካልከለከሉ፣ ስማቸው ከነአባታቸው ይጻፍ።

ይህን ከባድ ነው የሚል ካለ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይሂድ። በዋግ ገጠር በብዙ ቤት ያለው የሽማግሌ ፎቶግራፍ በመታወቂያ ላይ የተለጠፈው ጉርድ ብቻ ነው፤ ሰው ሲሞት ልጆቹ እርሱን አስተልቀው ለልቅሶው ያቆሙታል። ሲተልቅ ይደበዝዛል። ሆኖም ፊቱ ቀጥ ብሎ በሁለት ዓይን ያያል፤ ከጎኑም ስሙ፣ የአባቱና የአያቱ ስም አለ። የሥነ ጥበብ ሰዎቻችን ያላደረጉትን የቀበሌው ጸሐፊ አድርጎታል።

የዚያችን እናት ስም በዚህ ጽሑፍ ያልጠራነው ልጃቸው «ስሟ ከኀዘንተኛዋ ሥዕል ጋር አብሮ አይነሣ» ስላለችን ነው። ያ ሥዕል ከአዳራሹ እንዲወርድ በጽሑፍ ጠይቀናል። ጎብኝዎች ስለሚወዱት ይቆይ የሚል መልስ ደረሰን፤ እስከ ዛሬም እንደ ተሰቀለ ነው።