አንዱ ሰሊጥ በሁለት ስም

ከዓመታት በፊት ወደ ቆላ አገር ለሥራ በወረድንበት ጊዜ፥ የአንድ መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ጸሐፊ አርባ ኩንታል እህል አጉድለሃል ተብሎ ከደመወዙ ሊቈረጥበት ሲል ደረስን። መዝገቡን ብንገልጠው በአንዱ ገጽ «ሲምሲም አርባ ኩንታል»፥ በሌላው ገጽ «ሰሊጥ አርባ ኩንታል» ይላል። ከሱዳን ወሰን በኩል የመጣው ነጋዴ በማስረከቢያው ወረቀት ላይ ሲምሲም ብሎ የጻፈውን ጸሐፊው እንዳለ ገልብጦታል፤ ያንኑ እህል በሚዛን ላይ ሲወጣ ደግሞ ሰሊጥ ብሎ መዝግቦታል። ተቈጣጣሪው ሰማንያ ኩንታል ፈለገ፤ በግምጃ ቤቱ ያለው አርባ ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት በታላላቆችም ላይ ደርሷል። ለዕፅዋት በላቲን ሁለት ሁለት ቃል ስም የማውጣትን ሥርዓት ያጸናው ስዊድናዊው ካርል ሊኔ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1753 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ሰሊጥን ሁለት ጊዜ መዝግቦታል። ቅጠሉ ሞላላና ድፍን የሆነውን ሴሳሙም ኦሪየንታሌ፥ ማለት የምሥራቅ ሰሊጥ አለው፤ የታችኛው ቅጠሉ በሦስት የተከፈለውን ደግሞ ሴሳሙም ኢንዲኩም፥ ማለት የህንድ ሰሊጥ ብሎ ሰየመው። በቆላ የምትኖሩ አንባቢዎች ወደ እርሻ ወጥታችሁ ብትመለከቱ ግን፥ በዚያው በአንዱ ግንድ ላይ ከታች ሰፋ ያለና አንዳንድ ጊዜም በሦስት የተከፈለ፥ ከላይ ጠበብ ያለ ድፍን ቅጠል ታገኛላችሁ። በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ሁለቱን አንድ አድርገው ኢንዲኩም የሚለውን አጸኑ። የሴሳሙም የዱር ዘመዶች አብዛኞቹ የሚበቅሉት በአፍሪቃ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚዘራው ሰሊጥ መጀመሪያ የለማው በህንድ ምድር መሆኑን ዛሬ ብዙዎች ስለሚቀበሉት፥ ስሙ ባለቤቱን አላሳፈረም። (የአገራችን ስም የደረሰው ለኑግ ነው፤ እርሱ ጊዞቲያ አቢሲኒካ ይባላል።)

ሴሳሙም የሚለውን ቃል ግሪኮች ከሴም ቋንቋዎች ወስደውታል፤ የዓረቡ ሲምሲምም ከዚያው ወገን ነው። እኛ በአማርኛም በትግርኛም ሰሊጥ ስለምንል፥ የዚያ ነጋዴ አጠራር ከእኛ ይልቅ ለሊኔ የቀረበ ነበር ማለት ነው። በገበያም የሑመራ፥ የወለጋ እየተባለ ይለያል፤ ይህ ለዋጋ ይጠቅማል እንጂ በሊቃውንቱ ዘንድ ሁሉም አንድ ዕፅ ነው።

ለተቈጣጣሪው የወረቀቱና የሚዛኑ ቀን አንድ መሆኑን አሳየነው፤ አላመነም። ወደ ግምጃ ቤቱ ገብቶ ከአንዱ ጆንያ እፍኝ ዘግኖ አኘከና፥

«ይህማ እናቴ ለጾም የምትወቅጠው ሰሊጥ አይደለም እንዴ!» አለ።

«እኔስ ምን አልኩ፥ ጌታዬ» አለ ጸሐፊው።

ደመወዙ ሳይነካ ቀረ። እኛም ከመሄዳችን በፊት በመዝገቡ ራስጌ በቀይ ቀለም «ሲምሲም ማለት ሰሊጥ ነው» ብሎ ሲጽፍ አየነው።