ድሉ የመሪ ጨባጩ ብቻ አይደለም

በየአገሩ በሚካሄደው የመኪና ራሊ ውድድር አንደኛ ወጥተው የብሔራዊ ሻምፒዮንነትን ማዕረግ የተቀዳጁ አሽከርካሪዎች ድንበር ተሻግረው በአውሮፓ የራሊ ሻምፒዮና ሲሰለፉ ማየት ከተለመደ ሰባ ዓመት አልፎታል። ይህ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረ ሲሆን፣ የዓለም የራሊ ሻምፒዮና በ1973 እስኪቋቋም ድረስ በዘርፉ ከሁሉ የላቀው መድረክ እርሱ ነበር። ጋዜጦች ስለ ውድድሩ ሲጽፉ ግን አንድ ልማድ አላቸው፤ በመኪናው ጣሪያ ላይ ቆሞ ዋንጫ ያነሣውን ሰው ያሳዩንና ነገሩን በዚያው ይቋጩታል። ለመሆኑ ያ ሰው ያሸነፈው ብቻውን ነውን? ድሉስ የማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ መመርመር ነው።

ጉዳዩን ከሥሩ ለመረዳት በቅድሚያ የራሊን ምንነት መገንዘብ ይገባል። ራሊ መኪናዎች በአጥር በተከለለ ሜዳ ዙሪያ ተፋፍገው የሚሽከረከሩበት ትርኢት አይደለም። ገበሬው ከብቱን የሚነዳበት፣ የመንደሩ ነዋሪ ወደ ገበያ የሚወጣበት መንገድ ለጥቂት ሰዓት ይዘጋል፤ መኪናዎቹም የጊዜ ርቀት እየተጠበቀ በየተራ ይለቀቃሉ። ከአንዱ የፍጥነት ክፍል ወደ ሌላው ሲጓዙ ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ እንደ ማንኛውም ባለመኪና የትራፊክ ሕግ አክብረው ይነዳሉ። በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ይነዳል፤ ሁለተኛው ከውድድሩ አስቀድሞ ሁለቱ መንገዱን በዝግታ ቃኝተው ያዘጋጁትን ማስታወሻ ያነብለታል። ኩርባው ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ፣ ምን ያህል ይጠብባል፣ ከጉብታው ወዲያ ምን አለ፤ አሽከርካሪው ዓይኑ ገና ያልደረሰበትን በጆሮው ያያል። አንባቢው አንዲት መስመር ቢዘል መዘዙ ለሁለቱም ነው።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ በአገሩ መንገድ የሠለጠነ ሰው በዚያው መንገድ ቢያሸንፍ አያስደንቅም። ጎረቤታችን ኬንያ ለዚህ ምስክር ናት። በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ከባሕር ማዶ ለመጣ አሽከርካሪ ሳይበገር እስከ 1972 ቆይቷል። ጭቃውንና አቧራውን የሚያውቁት እነ ጆጊንደር ሲንግን የመሳሰሉ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ ባለድሎቹ። በ1972 ግን ፊንላንዳዊው ሃኑ ሚኮላ ቀዳሚ ሆነ፤ ሁለተኛም የወጣው ሌላ እንግዳ፣ ፖላንዳዊው ሶቢየስዋቭ ዛሳዳ ነበር። ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። የአገር ውስጥ ማዕረግ የችሎታ ማረጋገጫ ቢሆንም የችሎታ ዳርቻ አይደለም። በቼክ ሪፑብሊክ ጠባብ የአስፋልት መንገድ የተፈተነ ሰው የላትቪያን ልቅ ጠጠር ወይም የካናሪ ደሴቶችን ተራራማ ጠመዝማዛ ሲገጥም እንደገና ተማሪ ይሆናል። ሻምፒዮን ነኝ ብሎ በሠፈሩ የቀረ ሰው የሚለካው በራሱ ጥላ ብቻ ነው።

የዛሳዳ ታሪክ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። በሶሻሊስት ሥርዓት ትተዳደር ከነበረችው ፖላንድ ተነሥቶ የአውሮፓን ሻምፒዮንነት ሦስት ጊዜ፣ ማለትም በ1966፣ በ1967 እና በ1971 ተቀዳጅቷል። የመጀመሪያውን ድል ያገኘባት መኪና ኦስትሪያ ሠራሿ ስቴይር-ፑኽ 650 ቲ.አር. ነበረች። ይህች መኪና ሞተሯ ባለሁለት ሲሊንደርና ከ700 ሲ.ሲ. ያነሰ፣ አካሏ ከትንሿ ፊያት 500 የተወሰደ፣ እጅግ አነስተኛ መኪና ናት። በዚያን ጊዜ የሻምፒዮንነቱ ማዕረግ በመኪና ምድብ ተለይቶ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ትንሿ መኪና ከአቻዎቿ ጋር ተመዝና ዋጋዋን ለማግኘት ቻለች። በ1967 በፖርሽ፣ በ1971 ደግሞ በቢ.ኤም.ደብልዩ መኪና ድሉን ደገመው።

በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው «ያሸነፈው መኪናው ነው፤ መኪናውም የውጭ ስለ ሆነ ድሉ የፋብሪካው ነው» የሚል ነው። ይህ አመለካከት መሣሪያን ከሠራተኛው በላይ ያስቀምጣል። ያንኑ ዓይነት መኪና የገዛ ሁሉ ሻምፒዮን አልሆነም፤ መሣሪያ በውሰት ይገኛል፣ ችሎታ ግን በውሰት አይገኝም። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ የተገላቢጦሹ፣ ግለሰቡን ከሌላው ሁሉ ነጥሎ የሚያመልከው ግለኝነት ነው። በብዙ የዛሳዳ ውድድሮች ከጎኑ ተቀምጣ ማስታወሻ ታነብ የነበረችው ባለቤቱ ኤቫ ዛሳዳ ነበረች። ከ2010 እስከ 2013 አራት ጊዜ የፖላንድ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ከዚያም ከ2015 እስከ 2017 በተከታታይ ሦስት ጊዜ የአውሮፓን ማዕረግ ያገኘው ካየታን ካየታኖቪች ከያሮስዋቭ ባራን ጋር ነበር። በ2023 ከአውሮፓ ውጭ የመጣ የመጀመሪያው የአውሮፓ ራሊ ሻምፒዮን የሆነው ኒውዚላንዳዊው ሄይደን ፓደንም ከጆን ኬናርድ ጋር ነው የተሰለፈው። የእነዚህን ረዳቶች ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

ከረዳቱም ወዲያ መካኒኮች አሉ። መኪናው ለጥገና ሲገባ የሚፈቀደው ጊዜ በደቂቃ የተቆጠረ ነው፤ ጊዜው ካለፈ አሽከርካሪው ይቀጣል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ከመኪናው ሥር ተንጋለው የተሰበረውን የሚቀይሩ፣ የላላውን የሚያጠብቁ ሠራተኞች በዋንጫው ላይ ስማቸው አይጻፍም። በየመታጠፊያው ባንዲራ ይዘው በፀሐይና በዝናብ ቆመው ሕዝቡን ከአደጋ የሚጠብቁትም አብዛኛዎቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይኸው ነው።

«ይህ ሁሉ የባለጸጎች ጨዋታ፣ የነዳጅ ብክነትና የሕይወት አደጋ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው፤ ሸፍነነውም ልናልፍ አይገባም። በመጋቢት 1986 በፖርቱጋል ራሊ አንድ የአገሩ ሻምፒዮን የነበረ አሽከርካሪ መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎችን ለማዳን ሲል ከመስመር ወጥቶ ተመልካቾችን ገደለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በኮርሲካ ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ ሞቱ። ከመጠን ያለፈ ኃይል የነበራቸው የምድብ ቢ መኪናዎች ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ ከዓለም ሻምፒዮና የታገዱት ከዚህ በኋላ ነው። ሕጉ ዘግይቶ መጣ፤ ዋጋውን አስቀድመው የከፈሉት ከመንገዱ ዳር የቆሙት ናቸው።

የገንዘቡም ነገር እንደዚሁ ነው። ካየታኖቪች የአውሮፓን ማዕረግ ያገኘበት አር5 የተባለው የመኪና ደረጃ ሲወጣ፣ ወጪው ጣሪያ እንዲኖረው ተብሎ የተወሰነለት ከፍተኛ ዋጋ 180,000 ዩሮ ነበር። ጎማው፣ ጉዞውና የመካኒኩ ደመወዝ ከዚህ ውጭ ነው። እንግዲህ በአገሩ በላቡ ያሸነፈ ሰው ኪሱ ስለ ሳሳ ከቤቱ ቀርቶ፣ በአገሩ የተሸነፈው ኪሱ ስለ ሞላ አውሮፓ ቢሄድ ብሔራዊ ማዕረግ ትርጉሙ ምንድን ነው? በእኛ እምነት የአገር ሻምፒዮንነት የሜዳልያ ጌጥ ሳይሆን ወደ ሰፊው መድረክ የሚያስገባ በር መሆን አለበት፤ በሩንም የሚከፍተው ውጤት እንጂ ቦርሳ መሆን የለበትም። የየአገሩ የአውቶሞቢል ማኅበራት፣ ፋብሪካዎችና የሥራ ድርጅቶች ወጪውን ቢካፈሉ ለግለሰቡ ምጽዋት ሰጡ አይባልም፤ የጋራ ችሎታቸውን ገነቡ ይባላል እንጂ።

የተላከውም ሰው ዕዳ አለበት። ዛሳዳ ለተራው ባለመኪና ስለ አነዳድ መጻሕፍት ጽፏል፤ በ2021ም በዘጠና አንድ ዓመት ዕድሜው ወደ ኬንያ ተመልሶ በሳፋሪ ራሊ ተሰልፏል። ከሩቅ ያመጡትን ዕውቀት ለአገር ወጣት ማካፈል የሻምፒዮንነት ሁለተኛው አጋማሽ ነው። ሳይካፈል የቀረ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ያረጃል።

በየሠፈሩ ማኅበርና በየሥራው ቦታ የምትገኙ አንባቢያን ይህን ነገር ከራሊ ሜዳ አውጥታችሁ በየራሳችሁ መስክ እንድትመዝኑት ያስፈልጋል። በፋብሪካው አዳራሽ አንድ ሠራተኛ በአርአያነት ተመርጦ ሲሸለም እናጨብጭብለት፤ ይገባዋልና። ግን ማስታወሻውን ማን አነበበለት፣ መሣሪያውን ማን ጠገነለት፣ መንገዱን ማን ጠበቀለት ብለን እንጠይቅ። ተሸላሚውም ከመድረኩ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጨብጠው እጅ የእነዚህ ሰዎች እጅ ይሁን።